መቅደላ ላይ የተዘረፈው ሥዕል ከየት መጥቶ ነበር?

የመቅደላ ቅርስ ነገር በተነሳ ቁጥር ክርክሩ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን «ከውጭ ምንም ያልነካው፣ ከአፈራችን የበቀለ ንጹሕ ጥበብ ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ አንድ ሁለት ጽሑፍ አንብቦ ይመጣና «የጎንደር ሥዕል እኮ ግማሹ ከፈረንጅ የተገለበጠ ነው» ብሎ ያጣጥለዋል። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ መጽሐፍ ነው። ሁለቱም ወገኖች ይህን መጽሐፍ በደንብ ቢያዩት ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉ ይመስለኛል። (ዓ.ም. ብዬ ካልጠቆምኩ በቀር ዘመኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለንደን በሚገኘው ብሪቲሽ ላይብረሪ ከመቅደላ የተወሰዱ ወደ 350 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት አሉ። ከነሱ መካከል በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈ አንድ አራቱ ወንጌል ይገኛል። ሥዕሎቹን ያየ ሰው «ጎንደር ነው» ለማለት አይቸገርም፤ ቀለሙ ደማቅ ነው፣ ዓይኖቹ የጎሉ ናቸው፣ መስመሩ ጥርት ያለ ነው። ነገር ግን የሰዎቹን አቋቋም፣ የእጃቸውን አዘረጋግ፣ ማን ከማን ኋላ እንደቆመ ልብ ብላችሁ ብታዩ፣ ያው አደራደር ሌላ መጽሐፍ ላይ ይገኛል። ያ መጽሐፍ በ1590 እና በ1591 ሮም ከተማ የታተመ የዓረብኛ ወንጌል ነው።

ይህን የዓረብኛ ወንጌል ያሳተመው ካርዲናል ፈርዲናንዶ ደ ሜዲቺ ያቋቋመው ማተሚያ ቤት ነው። ዓላማው በምሥራቅ ያሉ ክርስቲያኖችንና ሙስሊሞችን በቋንቋቸው መድረስ ነበር። ሥዕሎቹን የነደፈው የፍሎረንሱ አንቶኒዮ ቴምፔስታ ሲሆን፣ በእንጨት ላይ የቀረጻቸው ደግሞ ሌዮናርዶ ፓራሶሌ የተባለ ጠራቢ ነው። ተደጋግመው የታተሙትን ጨምሮ ቁጥራቸው ወደ 150 ይጠጋል። በንግድ ዓይን ካየነው መጽሐፉ ኪሳራ ነበር፤ ብዙው ቅጂ ሳይሸጥ ለረጅም ጊዜ መጋዘን ውስጥ ቀርቷል። እኔ ብጠየቅ ሙስሊሞችን ለመሳብ በሥዕል የተሞላ ወንጌል ማዘጋጀት ከመነሻውም የሚያዋጣ ሐሳብ አልነበረም እል ነበር።

በእንጨት ላይ ተቀርጾ የሚታተም ሥዕል ምን እንደሆነ ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ሠዓሊው ንድፉን በጥቁር መስመር ይሠራል። ጠራቢው ንድፉን በለሰለሰ ጣውላ ላይ ያሰፍርና መስመር ያልሆነውን ሁሉ በቢላና በመሮ እየቆፈረ ያወጣዋል። ከፍ ብሎ የቀረው መስመር ብቻ ነው። ቀለም ይቀባል፣ ወረቀት ይለብሳል፣ ይጫናል። ማኅተም ሲመታ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። በዚህ ዓይነት ኅትመት ውስጥ ጥቁርና ነጭ እንጂ መሀል ቤት የለም፤ ጥላ ማሳየት የፈለገ ሰው ቀጫጭን መስመሮችን ጎን ለጎን እየደረደረ ያታልላል። ቴምፔስታም ያደረገው ይህንኑ ነው።

መጽሐፉ ወደኛ አገር የገባው በጀስዊት ሚስዮናውያን እጅ እንደሆነ ይታመናል። ፔድሮ ፓኤዝ ኢትዮጵያ የገባው በ1603 ነው። አጼ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ፤ ከዚያ በኋላ አገሩ በደም ታጠበ፤ በ1632 ንጉሡ የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ አስረከቡ። ጀስዊቶቹም ብዙ ሳይቆዩ ከአገር ተባረሩ። ይህን ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ብዙ የማይነገረው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሰዎቹ ወጡ፣ ሥዕላቸው ግን ቀረ። መቅረት ብቻም አይደለም፣ የሮሙ የዓረብኛ ወንጌል በጎንደር ሠዓሊዎች ዘንድ ዋና አርአያ የሆነው ባለቤቶቹ ከተባረሩ በኋላ ነው። በፋሲለደስና በተከታዮቻቸው ዘመን በተጻፉ በርካታ ወንጌሎች ላይ የቴምፔስታ ሥዕሎች እየተመላለሱ ይታያሉ። አንድ ፈገግ የሚያሰኝ ነገር ልጨምር፤ መጽሐፉ በዓረብኛ ስለሆነ ጎንደር ላይ ጽሑፉን አንብቦ የሚረዳው ሰው ብዙ ነበር ብዬ አላምንም። ወደ ወሎ ቢመጣ ኖሮ ከደብተራው ይልቅ ሼሁ አቀላጥፎ ያነበው ነበር። የጎንደሩ ሠዓሊ ግን ጽሑፉን አልፈለገውም። የፈለገው ሥዕሉን ነው።

ታዲያ «ገለበጠው» እንበል? ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እዩ። ቴምፔስታ ከሰዎቹ በስተጀርባ ኮረብታ፣ ዛፍ፣ የሮም ሕንፃና ደመና ይደረድራል። የጎንደሩ ሠዓሊ አብዛኛውን ጠርጎ አውጥቶታል። ቴምፔስታ ሕዝብ ያጨናንቃል፤ የኛው ሰው ታሪኩን ለመናገር የሚበቁትን ብቻ ያስቀራል። እነዚያ ጥላ ለማስመሰል የተደረደሩት ቀጫጭን መስመሮች ብራናው ላይ ሲመጡ የልብስ ጌጥ ሆነው ያርፋሉ። ጥቁርና ነጭ የነበረው ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሆኗል። ከጎኑ የሚመለከቱ ፊቶች ወደኛ ዞረዋል። ቴምፔስታ ያሰበው ጠባብ መስኮት ከፍቶ ሩቅ ቦታ ለማሳየት ነው፤ የጎንደሩ ሰው ግን ሰውየውን ከፊታችን ሊያቆመው ነው የፈለገው። ይህ የሚያስበውን የሚያውቅ ሰው ሥራ ነው። ተማሪ የመምህሩን ዜማ ተቀብሎ በራሱ ድምፅ ሲያዜመው «ሰረቀ» አንለውም።

ሌላም አለ። በየቤተ ክርስቲያናችሁ የምታዩት ምስለ ፍቁር ወልዳ፣ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ፣ እጆቿን አንዱን በአንዱ ላይ አድርጋ፣ በአንድ እጇ መሐረብ የምትይዝበት ሥዕል፣ አቀማመጡ ሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ካለው ጥንታዊ ሥዕል የመጣ ነው። ጀስዊቶች ያንን ሥዕል የመቅዳት ፈቃድ ያገኙት በ1569 ነው፤ ከዚያ ወደ ሕንድ፣ ወደ ብራዚል፣ ወደ ቻይና፣ ወደ ጃፓንና ወደኛ ቅጂውን ላኩት። ዛሬ ወረኢሉ ወይም ኩታበር ያለች አንዲት እናት ፊቱ ቆማ የምታለቅስበት ሥዕል ከሮም መጣ ተብሎ የእሷ አይደለም የሚል ካለ፣ ሄዶ ይንገራት።

ጃፓንን ከጠቀስኩ አይቀር ትንሽ ልቆይበት፣ ምክንያቱም የሁለታችን ታሪክ በዚህ ጊዜ በሚያስገርም ሁኔታ ይመሳሰላል። ጃፓን ጀስዊቶችን የተቀበለችው በ1549 ነው። እዚያም የሥዕል ትምህርት ቤት ከፈቱ፣ ኅትመት አስተማሩ። እዚያም ፖለቲካው ተበላሸ፤ ክርስትና በ1614 ታገደ፣ ፖርቱጋሎች በ1639 ጨርሰው ተባረሩ። ፋሲለደስ ጎንደርን የመሠረቱት በ1636 ገደማ መሆኑን አስታውሱ። በአሥር ዓመት ባልሞላ ልዩነት ሁለት ሩቅ አገሮች ለአንድ ዓይነት እንግዳ በራቸውን ዘጉ።

ልዩነቱ ሥዕሉ ላይ ነው። በናጋሳኪ የጃፓን ባለሥልጣናት ሰው ክርስቲያን አለመሆኑን ለማረጋገጥ የክርስቶስን ወይም የማርያምን ምስል መሬት ላይ አስቀምጠው በእግሩ እንዲረግጥ ያስገድዱ ነበር። እኛ ጋ ያው ምስል መንበር ላይ ወጣ። የዘጋነው በር አንድ ቢሆንም የዘጋንበት ምክንያት የተለያየ ነበር፤ እኛ የጀስዊቶቹን ትምህርት እንጂ ማርያምን አልጠላንም።

ጃፓን ግን በሯን ዘግታ አንድ ሌላ ነገር አደረገች፣ እኔን የሚቆጨኝም እሱ ነው። የእንጨት ኅትመትን ጃፓኖች ከጀስዊቶች አልተማሩትም፤ ከ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቡድሃ ቤተ መቅደሶች ይሠሩበት ነበር። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግን ይህ የመነኮሳት ጥበብ ወደ ገበያ ወጣ። ኤዶ፣ የዛሬዋ ቶኪዮ፣ ነጋዴና የእጅ ባለሙያ የሞላባት ከተማ ሆነች። ያ ሕዝብ ሳንቲም ነበረው፣ ቲያትር ይወድ ነበር፣ የሚወደውን ተዋናይ ምስል ቤቱ መስቀል ይፈልግ ነበር። ሂሺካዋ ሞሮኖቡ የሚባል ሰው ከጠረፍ ዓሣ አጥማጅ መንደር መጣ፤ አባቱ በወርቅና በብር ክር ልብስ የሚጠልፍ ባለሙያ ነበር። ሞሮኖቡ በ1672 በታተመ የሥዕል መጽሐፍ ላይ ስሙን አኖረ። ከዚያ በፊት የእንጨት ኅትመት ሠዓሊዎች ስማቸውን መጻፍ አልለመዱም ነበር። በ1694 ሲሞት አጼ ኢያሱ አድያም ሰገድ ጎንደር ላይ ነግሠው ነበር።

የሞሮኖቡ ኅትመቶች ጥቁር ብቻ ነበሩ፤ ቀለም የፈለገ በእጅ ያስቀባ ነበር። ቶሪ ኪዮኖቡ የካቡኪ ተዋናዮችን በወፍራም መስመር ቀረጸ። በ1740ዎቹ እነ ኦኩሙራ ማሳኖቡ ሮዝና አረንጓዴን በእንጨቱ ማተም ጀመሩ። በ1765 ሱዙኪ ሃሩኖቡ በብዙ ቀለም የታተመ ሥዕል አወጣ፤ ለያንዳንዱ ቀለም የራሱ ጣውላ ይቀረጻል፣ ወረቀቱ እንዳይዛነፍ ጥግ ላይ ምልክት ይቆረጣል። ሥራው የአራት ሰው ነው፤ ነዳፊ፣ ጠራቢ፣ አታሚና ገንዘቡን የሚያወጣው አሳታሚ። ከአራቱ በብዛት ስሙ የቀረልን የነዳፊውና የአሳታሚው ነው፤ ጠራቢውን ማን ያስታውሰዋል?

እኛ ጋ ደግሞ የሁሉም ስም የለም ማለት ይቀላል። ነገሩ ግን ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ከሞሮኖቡ ሁለት መቶ ዓመት በፊት፣ በዘርዓ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468)፣ ፍሬ ጽዮን የተባለ ሠዓሊ በሠራው የማርያም ሥዕል ላይ ስሙ ተጽፏል፤ ሥዕሉ ጣና ላይ ዳጋ እስጢፋኖስ ይገኛል። የሥዕል ታሪክ አጥኚዎች ዛሬ ሌሎች ሥራዎችን ከእጁ ጋር እያመሳከሩ የፍሬ ጽዮን ናቸው ወይም የተማሪዎቹ ናቸው የሚሉት ያቺ አንዲት ስም ስላለች ነው። አንድ ስም ስንት በር እንደሚከፍት አያችሁ?

ወደ ሰፈራችን እንምጣ። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለው ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ1280/81 አባ ኢየሱስ ሞዓ የሰጡት አራቱ ወንጌል አለው። ዘመናቸው ተጽፎባቸው ከሚታወቁ ባለ ሥዕል የብራና መጻሕፍታችን ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። ከቅዱሳኑ ሥዕሎች ጋር የራሳቸው የኢየሱስ ሞዓ ሥዕልም አለበት። ኢየሱስ ሞዓ ያቋቋሙት ትምህርት ቤት አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ያስተማረ ነው። የሰጪውን ስም እናውቃለን፣ ዘመኑን እናውቃለን፣ መልኩንም አይተናል። ሥዕሉን የሣለው እጅ ስም ግን አልተነገረንም። የጎንደሩን የለንደን ወንጌል የሣለውም እንደዚሁ። ስለ ቴምፔስታ የትውልድ ዓመቱን ሳይቀር እናውቃለን፤ የሱን ሥዕል አንስቶ የተሻለ ያደረገው ሰው ግን ጥላ ነው። «ለእግዚአብሔር ክብር ነው፣ ስም አያስፈልገውም» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ግን የአሠሪው ስም በየገጹ ተጽፎ የሠሪው ብቻ ሲቀር ትሕትናው የሁሉም አይመስለኝም።

አሁን ወደሚቆጨኝ ጥያቄ። የእንጨት ኅትመት መጽሐፍ እጃቸው ላይ ገብቶ፣ ሥዕሉን እስከዚህ ድረስ መርምረውት፣ ለምን እነሱም እንጨት አልቀረጹም?

«አያውቁም ነበር» የሚለውን አልቀበልም። የብራና መጽሐፍ ሽፋን የሚደጉስ ሰው በብረት ቅርጽ ቆዳውን እየተጫነ መስቀሉንና ሐረጉን ያትማል። መቋሚያና ታቦት የሚጠርብ፣ ከእንጨት ላይ ዓይን የሚማርክ ሐረግ የሚያወጣ ባለሙያ አልጠፋም። ኅትመትንም ቢሆን ኢትዮጵያውያን ቀድመው ያውቁታል፤ በ1513 ሮም ላይ የታተመው የግእዝ መዝሙረ ዳዊት በአፍሪካ ቋንቋዎች ከታተሙት መጻሕፍት ከመጀመሪያዎቹ ነው። በ1548 እና 49 አባ ተስፋ ጽዮን፣ የደብረ ሊባኖስ ሰው፣ ሮም ተቀምጠው አዲስ ኪዳንን በግእዝ አሳትመዋል። ጥበቡ ነበረ፣ ሰውም ነበረ።

የጠፋው ወረቀቱና ገበያው ነው። ጃፓን ከዛፍ ልጥ ጠንካራና ርካሽ ወረቀት ትሠራ ነበር። እኛ የምንጽፈው በብራና ነው፤ ለአንድ ወንጌል ብዙ ፍየል መታረድ አለበት። ብራና ላይ አንድ ዓይነት ሥዕል መቶ ጊዜ የሚያትም ሰው ሥዕሉን አላረከሰውም፣ የከብት በረቱን ነው ያራቆተው። ገበያውስ? ኤዶ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ ነበራት። ጄምስ ብሩስ በ1770ዎቹ መግቢያ ጎንደርን ሲያይ የገመተው አሥር ሺህ ያህል ቤተሰብ ነው። ሥዕል የሚያሠራው ንጉሡ፣ እቴጌዪቱ፣ መኳንንቱና ደብሩ ናቸው። ለነሱ አንድ ብቻ መሆኑ ነው ዋጋው። በኤዶ ደግሞ ዋጋው መብዛቱ ነው።

ውጤቱ ምን ሆነ? የኤዶ ሥዕል በሺህ ቤት ተበተነ። እሳት ቢነሳ (ኤዶ በእሳት ተደጋግማ ጠፍታለች) አንዱ ቤት ይቃጠላል፣ ሌላው ይተርፋል። የጎንደር ሥዕል ግን አንድ ቦታ ተከማችቶ ነበር፣ አንድ ቦታ የተከማቸ ነገር ደግሞ በአንድ ቀን ይወሰዳል።

ያ ቀን ሁለት ጊዜ መጣ። የመጀመሪያው በፈረንጅ እጅ አይደለም። አጼ ቴዎድሮስ በ1866 ማብቂያ ጎንደርን ሲያጠፉ የአብያተ ክርስቲያናቱን መጻሕፍትና ንዋያት አስወስደዋል። ሐሳባቸው መቅደላ ላይ በመድኃኔዓለም ስም ትልቅ ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መጻሕፍት ማቋቋም ነበር። ስለ ቴዎድሮስ ስንጽፍ ይህቺን ገጽ ዘልለን የማለፍ ልማድ አለን፤ እኔም ስለ ንጉሡ ያለኝ ፍቅር ከማንም አያንስም፣ ግን ገጹ አለ።

ሁለተኛው ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው። ንጉሡ ራሳቸውን ሠውተው፣ የናፒየር ጦር አምባው ላይ ወጣ። የተዘረፈውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና ወደ 200 በቅሎ እንዳስፈለገ ተጽፏል። ጨረታው የተካሄደው ደላንታ ሜዳ ላይ ነው፤ ዛሬ ከደሴ ተነስተን በግማሽ ቀን የምንደርስበት ደላንታ። ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምስ ለሙዚየሙ የመረጠውን ገዛ። ኩርዓተ ርእሱ የተባለውን፣ ነገሥታቱ ይዘውት የሚዘምቱትን የክርስቶስ ሥዕል ግን ለራሱ አስቀረው። ያ ሥዕልም ራሱ አውሮፓ የተሣለ መሆኑን ልብ በሉ። ከቀሩት ብራናዎች ብዙዎቹ በመንገድ ላይ ጨለቆት ላለው ቤተ ክርስቲያን ተሰጡ።

እንግዲህ የኛን የጎንደር ወንጌል መንገድ ቁጠሩት። ሥዕሉ ሮም ላይ በእንጨት ተቀረጸ፣ ወደ ኢትዮጵያ ተሻገረ፣ ጎንደር ላይ በብራና እንደ አዲስ ተወለደ፣ በጉልበት ወሎ ገባ፣ በጉልበት ለንደን ወረደ። «ይመለስ» ስንል የት? ጎንደር? አምባ ማርያም? አዲስ አበባ? ይህን ጥያቄ የሚያነሱት አብዛኛውን ጊዜ መመለሱን የማይፈልጉ ናቸው፣ ስለዚህ በጥርጣሬ እንሰማዋለን። እኔ ግን ራሳችን ብናነሳው ይሻላል ባይ ነኝ። የኔ መልስ፦ ወደ ኢትዮጵያ ይመለስ፣ ከዚያ በኋላ ጎንደሬውና ወሎዬው ይጨቃጨቁ፤ ወንድማማች ሲጨቃጨቅ አዲስ ነገር አይደለም።

እስከዚያው ግን ከጃፓኖች የምንቀዳው አንድ ነገር አለ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ጃፓንን ጎብኝተው መጽሐፍ ጽፈዋል፤ ከበደ ሚካኤልም በ1946 ዓ.ም. «ጃፓን እንዴት ሠለጠነች» ብለው ጠይቀዋል። በዚያ ዘመን ክርክሩ ስለ ሕገ መንግሥት፣ ስለ ፋብሪካና ስለ ጦር ነበር። ሥዕልን ማብዛት የመጣው ዘግይቶ ነው፤ በ1960ዎቹ ሐንሰን ባሒያ የተባለ ጀርመናዊ የእንጨት ቅርጽ ሠዓሊ አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መጥቶ አስተማረ፤ ዘሪሁን የትምጌታ ከዚያ ትውልድ ወጥቶ ቅርጹን ከጠልሰምና ከብራና ወግ ጋር አዋሐደው። ሦስት መቶ ዓመት ዘግይቶ፣ ያ የሮም ጣውላ በኢትዮጵያዊ እጅ ተቀረጸ ማለት ይቻላል።

ማብዛት ለምን እንደሚያስፈልግ ለደሴ ሰው ማስረዳት አይጠበቅብኝም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል። የሐይቁ ወንጌል በ1970ዎቹ በማይክሮፊልም ስለተነሳ ቢያንስ ምስሉ ሌላ ቦታ አለ። ለንደንም ቢሆን «እኛ ጋ ደኅና ነው» የሚለው መልስ ጥያቄ ገጥሞታል፤ ጥቅምት 2023 ብሪቲሽ ላይብረሪ በደረሰበት የሳይበር ጥቃት በድረ ገጹ ለዓለም የከፈታቸው የብራና ምስሎች ለረጅም ጊዜ ጠፍተው ነበር። በደቡብ ወሎ ገጠር አብያተ ክርስቲያናት ዕቃ ቤት ውስጥ፣ በመስጊዶቻችንና በሼሆቹ ቤት ካሉት ጽሑፎች ገና ፎቶ ያልተነሱ ብዙ አሉ። ስልክ በየኪሱ አለ፤ የጎደለው የካህኑንና የሼሁን እምነት አግኝቶ፣ ቅርሱን ሳያስወጣ፣ በሥርዓት አንስቶ ቅጂውን ሦስት አራት ቦታ የሚያስቀምጥ ቡድን ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ቅርባችን ነው፤ የዞኑ ባህልና ቱሪዝም መምሪያም እንዲሁ። የመቅደላው ወንጌል ሥዕሎች በጥሩ ወረቀት ታትመው፣ ከጎናቸው የቴምፔስታ ቅርጾች ተሰቅለው፣ ደሴ ላይ አንድ አዳራሽ ውስጥ ለመታየት የለንደንን ፈቃድ ብዙ የሚጠብቁ አይመስለኝም።

ስለ ሐይቁ ወንጌል ሥዕሎች በሌላ ጽሑፍ ለብቻው እመለስበታለሁ።